የበር ጠባቂዋ ከንፈር

«ለመሆኑ ሰውነታችን የራሱንና የባዳውን በምን ይለየዋል?»

ይህ ጥያቄ ሲወርድባት የትነበርሽ፣ ማራኪ ሰፈር በቀበሌው አዳራሽ፣ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። የፊቱን ወንበር የያዘችው ጎበዝ ተማሪ ስለሆነች አይደለም። ከኋላ ብቀመጥ አንድ ነገር ያመልጠኛል ብላ ስለምትሰጋ ነው። የትነበርሽ የማትሰጋበት ነገር አልነበረም። ዝናብ ሲመጣ ጎርፉን፣ ዝናብ ሲቀር ድርቁን፣ ልጇ ስታስል ሳሉን፣ ሳታስል ደግሞ ዝምታዋን ትፈራለች።

ብድግ ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ጣራውን አየች፤ ጥቁር ሰሌዳውን አየች፤ መልሱ ከሁለቱም ላይ አልነበረም።

«በመልኩ» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። ሰባ ዓመት ሞልቷቸው ፊደል ሊቆጥሩ የመጡት አያ ፍቅርተማርያም ከጎኗ ሆነው፣ «ምን ያስቃችኋል፤ እኔም አማቴን ገና ከሩቅ በመልኳ ነበር የምሸሻት» አሉ። ሳቁ ባሰ።

መምህሩ አወቀ የልጇ እኩያ ነው፤ ሰው ማሳፈር አይወድም። «ብዙም አልራቁም፣ ወይዘሮ የትነበርሽ» አለና ማስረዳት ጀመረ። በደማችን ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚባሉ ጠባቂዎች አሉ። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ የቤት ልጅ መሆኑን የሚናገር ምልክት በላዩ አለው፤ ጠባቂዎቹ ያንን ምልክት እየዳበሱ ያልፋሉ። ባዳ ሲያገኙ ግማሾቹ ይውጡታል፤ ግማሾቹ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካል የተባለ ነገር ሠርተው ይለጥፉበታል፤ የተለጠፈበት ጀርም ከዚያ ወዲያ ከዓይናቸው አይሰወርም። ውጊያው ሲያልቅ አብዛኞቹ ተዋጊዎች ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ይቀራሉ፤ የዚያን ጠላት መልክ ይዘው ለዓመታት ይጠብቁታል።

«እንግዲያማ በመልኩ ማለቴ ልክ ነበር» ብላ የትነበርሽ በሆዷ ተጽናናች።

«አዲስ የተወለደ ሕፃን ጠባቂዎች ግን ገና ምልምል ናቸው» አለ አወቀ። «ማንንም ገጥመው አያውቁም። ስለዚህ እናቱ ከራሷ ታውሰዋለች። በሆዷ ሳለ በደሟ፣ ከተወለደ በኋላ በጡቷ፣ ከሁሉም ይልቅ በእንገሯ።»

እንገር ሲባል የየትነበርሽ እስክሪብቶ ቆመ። ወገራ፣ አባቷ ቤት፣ ላም በወለደች ቁጥር ጥጃው የመጀመሪያውን ወተት ጠግቦ ሳይጠባ ዕቃ ይዞ ወደ ላሟ የሚጠጋ ሰው አልነበረም። የተጠጋም እንደሆነ ጥጃውን ልትገል ነው ተብሎ ይሰደባል። እሷ ይህን እያየች አድጋ፣ ራሷ ስትወልድ ግን፣ ቢጫ ነው፣ የልጅ ሆድ ያማል ብላ የራሷን እንገር ሦስት ቀን ሙሉ ግድግዳ ላይ አለበችው። ልጇ አምሳል የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ያለፈችው በስኳር ውሃና በስለት ነው። ለጥጃው የነበራትን አእምሮ ለልጇ ሲሆን የት እንዳስቀመጠችው የትነበርሽ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

አወቀ በመጨረሻ ሁለት ገጽ ጽሑፍ አደላቸው። የትነበርሽ በሳምንት የምታነበው አንድ ገጽ ነው። ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ረጅም ቃል ሲያጋጥማት መሐል ላይ አርፋ ትንፋሽ እየወሰደች ነው የምታነበው። የመጀመሪያው ገጽ የሚያልቀው፣ «በሽታ አምጪ ተህዋስያን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ይገባሉ» በሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። እዚያ ስትደርስ በርትታ ሦስት ጊዜ አነበበችው። በማግሥቱ አምሳል ምጥ ያዛት፤ ሁለተኛው ገጽ ታጥፎ ከፍራሽ ሥር ገባ።

አምሳል የበኩር ልጇን ለመውለድ እንደ ወጉ ከባሏ ቤት ወጥታ እናቷ ዘንድ መጥታ ነበር። ሐኪም ቤት ሴት ልጅ ተገላግላ በሁለተኛው ቀን ስትመለስ የትነበርሽ ቤቱን አዘጋጅታ ጠበቀቻት። መጋረጃው ተጋርዷል። ከትራሱ ሥር ቢላዋ ተቀምጧል። በሩ ላይ ደግሞ አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ሳሙናና አንድ በርጩማ ተደርድረዋል። ቢላዋው ለማይታየው ነው፤ ሳሙናውም ለማይታየው ነው። የትነበርሽ ከሁለቱ የማይታዩት የትኛው እንደሚቀድም ስላላወቀች ሁለቱንም ተዘጋጀችላቸው። በርጩማው የሷ ነው። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ትንፋሿ እንኳ ሕፃኗን እንዳይነካት አፏን ሸፍና፣ ተቀመጠችበት።

«ታጠቢ። እስከ ክርንሽ። ዛሬ አስለሻል? ትናንትስ? ቤትሽ ውስጥ ያሰለ ሰው አለ?»

ገንፎ ይዛ የመጣች አንዲት ጎረቤት ገንፎውን ደፉ ላይ አስቀምጣ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የምትለውን ከአጥር ውጭ ሆና ብላ ሄደች። የአምሳል ባል የሻውም አልቀረለትም። የሻው የባጃጅ ሾፌር ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ቅባት አያጣውም።

«እማማ፣ እኔ እኮ አባቷ ነኝ።»

«ጀርም አባት አያውቅም። ታጠብ።»

«ባጃጁን እንኳ እንዲህ አጥቤው አላውቅም» አለ የሻው፣ ሳሙናውን ሦስተኛ ጊዜ እያነሣ።

በሦስተኛው ቀን የየሻው እናት ዓይናዲስ ከአምባ ጊዮርጊስ በአውቶቡስ መጣች። በአንድ እጇ በጣሳ ቅቤ፣ በሌላው ዘንቢል ይዛለች። በሩ ላይ ደርሳ ባልዲውን፣ በርጩማውንና ከነጠላው በላይ የሚያፈጡትን ሁለት ዓይኖች አየች።

«ምነው እቴ፣ ኬላ ተተከለ እንዴ?»

«ታጠቢ፣ ዓይናዲስ።»

«ታጥቤ ነው የወጣሁ።»

«ከአውቶቡስ ወርደሽ ነው የመጣሽው።»

«በእግሬ ነው የወረድሁ፤ በእጄ አልሄድሁ።» ይህን እያለች እጅጌዋን ሰብስባ ታጠበች። የትነበርሽ ክርኗን አሳይታት፣ እንደገና አሳጥባት ስታበቃ ወደ ቅቤው ዞረች።

«ቅቤውን ለሕፃኗ አታልሻትም። አስቀድሜ ልንገርሽ።»

«ማን አልሳታለሁ አለሽ? ለአምሳል አናት ነው፤ ደርቆባት ይሆናል ብዬ።»

የትነበርሽ ጦሯን ሰብቃ ጠላት ያጣች መሰለች። ግን በዋዛ የምትመለስ አይደለችም፤ የተማረችውን ሳታስተምር ማን ያሳልፋታል? ጉሮሮዋን ጠርጋ ስለ እንገር ጀመረች። እንገር የሕፃን የመጀመሪያ ክትባት መሆኑን፣ በውስጡ ፀረ እንግዳ አካል የሚባል እንዳለበት፣ እሱን የሚደፉ ሴቶች በልጆቻቸው ላይ ምን ያህል እንደሚጫወቱ፣ አንድም ነገር ሳታስቀር ተናገረች። ዓይናዲስ እስኪያልቅ በትዕግሥት አዳመጠቻት።

«ሸጋ ትምህርት ነው» አለች። «እኔም ስድስት ወልጄ የስድስቱንም እንገር አጥብቻለሁ። ለጥጃ የማልነፍገውን ለልጄ እነፍጋለሁ? ምነው፣ አንች ደፍተሽው ነበር እንዴ?»

የትነበርሽ ወደ ሳሙናው ጎንበስ አለች። «ይህም ሳሙና ሊያልቅ ነው» አለች።

ከመጋረጃው ጀርባ አምሳል፣ መሳቅ ስፌቷን ያመዋልና፣ ትራሱን ነክሳ ስትንፈቀፈቅ ተሰማ።

ዓይናዲስ ግን ለሳምንት መጣሁ ብላ የተነሣች ሴት ናት። ላሟ ልትወልድ እንደተቃረበች፣ ለጎረቤት አደራ ብላ እንደመጣች ነገረቻቸውና ነጠላዋን አስቀምጣ ሥራ ገባች። የሕፃኗን ጨርቅ ታጥባለች፤ አጥሚት ታፈላለች። ሕፃኗን የምታያት መጋረጃው ገለጥ ሲደረግላት፣ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ነው። ርቀቱን የለካችው የትነበርሽ ናት።

በአራተኛው ቀን እውነትም ሳሙናው አለቀ። የትነበርሽ ለወጥ ሽንኩርትና በርበሬ ስታቁላላ ቆይታ፣ ከእሳቱ አጠገብ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ቀትሩ ፀሐይ ወጣች። አራዳ ገበያ ድረስ ሄዳ፣ ሁለት ሱቅ አማርጣ፣ ሦስት ሳሙና ገዝታ ተመለሰች። በማግሥቱ ጠዋት የታችኛው ከንፈሯ ጠርዝ በላት፤ ወደ ቀትር አቃጠላት፤ ማታውን እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ተሰብስበው ወጡበት።

ሁሉን ነገር የምትፈራዋ ሴት ይህን አልፈራችም። ምች ነው። ምችን ማን ያጣዋል? የቁሌት ሽታ በአፍንጫ ገብቶ ፀሐይ ከላይ ሲመታ የሚወጣ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በዓመት አንዴ ሁለቴ ይወጣባታል፤ እናቷም ላይ ይወጣ ነበር። ምች ፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ጀርም አይደለችም። ለማንኛውም ብላ ያነበበችውን ገጽ በሐሳቧ ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው፤ ምች የሚል ቃል አልነበረበትም። ዳማከሴ ጨምቃ አሸችበት፤ የተረፈውን አሸተተችው፤ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ መልሳ ወደ በርጩማዋ ሄደች። ነጠላው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አፏ ላይ ስለነበር ከንፈሯን ያየ ሰው የለም።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት አምሳል እንቅልፍ ጣላት። ዓይናዲስ ጓሮ ቧንቧው ጋ ጨርቅ ታጥባለች። ሕፃኗ ነቅታ ነበር። የትነበርሽ መጋረጃውን ገልጣ ጎንበስ ስትል ትንሿ ፊት ግንባሯን ቋጥራ፣ አያቷን ሳይሆን ከአያቷ ጀርባ ያለ አንድ ነገር የምታይ መስላ ትክ አለች። የየትነበርሽ ሆድ ባባ። ይች ልጅ ስድስት ቀኗ ነው፤ እስካሁን አንድም ሰው አልመረቃትም። ማን ይመርቃታል? በሩን የዘጋው ማን ሆነና።

ግራ ቀኙን አየች። ነጠላዋን ዝቅ አደረገች።

«እደጊ። ተመንደጊ። ክፉ ዓይን አይይሽ» አለችና፣ የራሷ አያትና እናት ያደርጉት እንደነበረው፣ በግንባሯ ላይ እትፍ፣ እትፍ፣ እትፍ አለችባት። እዚያው ጎንበስ እንዳለችም ጉንጯን፣ ከአፏ ጥግ አጠገብ፣ አንዴ ሳመቻት። አንዴ ብቻ።

ከዚያ ነጠላዋን መልሳ ተሸፋፈነች፤ ወደ በሩ ወጣች፤ እጇንም እስከ ክርኗ በሳሙና ታጠበች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሕፃኗ ጡት አልይዝ አለች። አምሳል ጡቷን ታጎርሳታለች፤ ሕፃኗ ሁለቴ ስባ ትተወዋለች። ገላዋ ይፋጃል። ብትቀሰቅሳትም ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትከድናለች። ግንባሯ ጥግ ላይ ሦስት ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ወጥተዋል፤ የትነበርሽ የሙቀት ሽፍታ ነው አለች።

ወደ በሩ ወጥታ ግን ባልዲውን አየች። እዚህ ቤት ያልታጠበ አልገባም፤ ያሰለ አልገባም። ታዲያ ምን ገባ? ጓሮውን አየች፤ የተሰጣውን ጨርቅ አየች፤ ከጨርቁ አጠገብ የቆመችውን ዓይናዲስን አየች።

«አንች ከመጣሽ ወዲህ ነው።»

«ምኑ?»

«ቆመሽ ስታያት ነው የምትውይው። ዓይንሽ ከልጅቷ ላይ አይነሣም።»

«እማ፣ ተይ» አለች አምሳል ከውስጥ።

ዓይናዲስ ጋቢዋን አጣጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች፤ የቅቤውን ባዶ ጣሳ ከላይ አደረገች። ከዚያ የሻው ጋ ደወለች። «ና፤ ባጃጅህን አስነሣ። ልጅህ ሐኪም ቤት ትሂድ። እኔ ከዚያ ወዲያ ወደ አገሬ እሄዳለሁ» አለችው።

አራቱ በአንድ ባጃጅ ሄዱ። የሻው እየነዳ፣ አምሳል ሕፃኗን አቅፋ፣ ሁለቱ አያቶች ግራና ቀኝ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። መንገዱ ጎርበጥ ባደረጋቸው ቁጥር ትከሻቸው ይጋጭ ነበር፤ ሁለቱም ግን ይቅርታ አልተባባሉም።

የተቀበለቻቸው ሐኪም ፅዮን ትባላለች፤ ሥራዋን ቶሎ ቶሎ የምትሠራ፣ ድምጿን ግን የማታቻኩል ሴት ናት። ሕፃኗን አገላብጣ አየች፤ ግንባሯ ላይ ስትደርስ ቆመች። በባትሪ አበራች። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ይችን ልጅ የሳማት ሰው አለ?» አለች። «አፉ ላይ ወይም ከንፈሩ ላይ ቁስል ያለበት?»

«ማን ይስማታል?» አለች አምሳል። «እናቴ በሩን ይዛ። እኔ ራሴ ስሜያት አላውቅም።»

«እኔማ እጇንም አልነካሁ» አለች ዓይናዲስ። «ባልዲው ይመስክር።»

«እንግዲያው በሌላ በኩል እንሂድ» አለች ፅዮን፤ እስክሪብቶዋን አንሥታ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች።

የትነበርሽ ነጠላዋ ውስጥ ሆና የራሷን ትንፋሽ ሰማች። ማንም አላያትም። ማንም አይጠረጥራትም። ሁሉም ወደ ሐኪሟ እስክሪብቶ ያያሉ፤ እስክሪብቶው ደግሞ በሌላ በኩል ሊሄድ ነው። እሷ ምልክቷ የቤት ነው፤ ዳብሰው ያለፏት ለዚያ ነው። አንድ ቃል ካልተናገረች እስከ ዘለዓለም ጎበዝ በር ጠባቂ ሆና ትኖራለች። ሕፃኗ ግን አምሳል ክንድ ላይ ጡት መሳብ ትታለች።

ነጠላዋን አወረደችው።

«ምች ነው» አለች። ቅርፊቱ ገና ከንፈሯ ላይ ነበር። «ፀሐይ ነው የመታኝ። ግን… እትፍ እትፍ ብዬባታለሁ። ስሜያታለሁም። አንዴ።»

ዓይናዲስ ወደ መሬት አየች፤ የትነበርሽን ላለማየት ይሁን ላለመሳቅ አይታወቅም።

ፅዮን አልተቆጣችም። የጻፈችውን ሰርዛ አዲስ ጻፈች፤ ነርሷን ጠርታ አንድ የመድኃኒት ስም ነገረቻት። «የምርመራውን ውጤት አንጠብቅም፤ አሁኑኑ በደም ሥሯ ይጀመር» አለች። ከዚያ ወደ የትነበርሽ ዞረች።

«ፀሐይ ማለትዎ ግማሹ ልክ ነው፣ እናቴ። ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል እንጂ አያመጣውም። ይህ ቫይረስ ነው። እርስዎ ገና ልጅ ሳሉ አንድ የሚወድዎት ሰው ስሞዎት ሰጥቶዎት ይሆናል። ጠባቂዎችዎ ተዋግተው ከቆዳዎ አባረሩት፤ እሱ ግን ነርቭ ውስጥ ገብቶ ተኛ። እዚያ ከተኛ ነቅለው አያወጡትም። ሲደክምዎት፣ ሲያተኩስዎት፣ ፀሐይ ሲያገኝዎት ይነሣል። እርስዎ የሠለጠነ ጠባቂ ስላለዎት በሳምንት በአሥር ቀን ይመልሰዋል። ይች ልጅ ግን አሥራ አንድ ቀኗ ነው።»

«እናቷስ?» አለች የትነበርሽ። «እናት ታውሳለች ተብሎ… በእንገሩ…»

«አምሳል፣ ምች ወጥቶብሽ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ምናልባት ይህን ጠላት አታውቀው ይሆናል። የሌላትን ደግሞ ልታውሳት አትችልም።»

የትነበርሽ ተቀመጠች። እስከ ክርኗ የታጠበችውን ዓይናዲስን ሁለት ክንድ አርቃ ስታቆማት፣ እሷ ራሷ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ እንግዳ ከንፈሯ ሥር አስተኝታ ኖራለች። እጁን እንኳ አላስታጠበችውም።

ነርሷ መጣች። «ከእናትየዋ ጋር አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚገባው» አለች። አምሳል ወደ እናቷ አየች፤ የእናቷን ከንፈር አየች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እትዬ ዓይናዲስ ይግቡልኝ» አለች።

ዓይናዲስ ዘንቢሏን አስቀመጠች። ክፍሉ ጥግ ያለው ቧንቧ ጋ ሄዳ እጅጌዋን ሰበሰበችና ታጠበች። ስትጨርስ ክርኗን ወደ የትነበርሽ ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

«አየሽው?»

«አየሁት» አለች የትነበርሽ። ቀጥላም፣ «ያ… ስለ ዓይንሽ ያልሁት…»

«ሰምቻለሁ። ብሰማውም ከቆዳዬ አልፎ ልቤ አልገባም። ይልቅ ያችን ላሜን ማን ያያታል? አደራ ያልኋት ጎረቤቴ እህል ልትወቃ ነው።»

የትነበርሽ ሁለት ቀን ከውጭ፣ ከመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ አንድ በር አለ፤ የምትጠብቀው ግን እሷ አይደለችም። ሰዎች ይገባሉ፤ ሰዎች ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ያስላል። «ታጠብ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ እየመጣ መልሳ ትውጠዋለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፅዮን ወጣች። ትኩሳቱ በርዷል፤ ሕፃኗ ጡት ይዛለች። ውጤቱም መጥቷል፤ ያው የከንፈሩ ነው። መድኃኒቱ ግን ገና ብዙ ቀን ይቀጥላል።

«ባይናገሩ ኖሮ ሌላ ነገር ስንፈልግ እንቆይ ነበር» አለቻት። «በዚያ መሐል ልትከፋብን ትችል ነበር።»

ከዚያ ስለ ወደፊቱ ነገረቻት። ሕፃኗ እስክትጠነክር ድረስ ቁስሉ ያለበት ሰው አይስማት። ቁስል ባይኖርም መሳሙ ለጊዜው ይቅር። ምራቅ ያለበት ምርቃትም ይቅር፤ እግዜር ከሩቅም ይሰማል። የትነበርሽ ሁሉንም በራሷ ነቅንቃ ተቀበለች። ፅዮን ቤትዎን ለቀው ይሂዱ አላለቻትም። ያን የወሰነችው፣ የዓይናዲስንም ላም ልታይ የተነሣችው፣ ራሷ የትነበርሽ ናት። ራሷን ታውቃለች፤ ያች ልጅ አንዴ ብቻ ግንባሯን ቋጥራ ብታያት ነጠላዋ በራሱ ይወርዳል።

ቤት ገብታ ልብሷን ሸክፋ፣ ፍራሹን አንሥታ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። የአምባ ጊዮርጊሱ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። መኪናው ዳገቱን ሲጀምር እሷም የመጀመሪያውን ቃል ጀመረች። «አንዳንድ ተህዋስያን ግን» ይላል፤ እዚህ ላይ ትንፋሽ ወሰደች፤ «በሰውነት ውስጥ ተደብቀው ለብዙ ዓመታት ይኖራሉ። ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል።» አጠገቧ የተቀመጠ ሰውዬ ወረቀቱን ሰርቆ አይቶ፣

«ምነው እቴ፣ ፈተና አለብሽ እንዴ?» አላት።

«አልፏል» አለች።

አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ ገጹ አልቆ ነበር። አንድ ገጽ በአንድ ቀን ስትጨርስ የመጀመሪያዋ ነው፤ ግን ለማንም አልፎከረችበትም።

የትነበርሽ አምባ ጊዮርጊስ በገባች በአምስተኛው ቀን የዓይናዲስ ላም ወለደች። የትነበርሽ በረቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ጥጃው ጉልበቱ እየከዳው ተነሣ፤ ወደቀ፤ ተነሣ። ልትረዳው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ጥጃው የፊት እግሩ ሥር ፈለገ፤ ተሳሳተ፤ ዞሮ ጡቱን አገኘ። ቢጫው እንገር በአፉ ግራና ቀኝ ይፈስ ነበር። የትነበርሽ ነጠላዋ አፏ ላይ እንዳለ ሩቅ ቆማ አየችው። ማንም ተሸፈኚ አላላትም፤ ጥጃ ምች ይዞትም አያውቅ ይሆናል፤ ግን ከእንግዲህ ማን ያውቃል?

ያኔ መምህር አወቀ የጠየቃት ጥያቄ ትዝ አላት። ሰውነት የራሱንና የባዳውን በምን ይለየዋል? አሁንም ጥርት ያለ መልስ አልነበራትም። ቢበዛ፣ አንዳንዴ አይለየውም፣ ብላ ልትመልስ ትችላለች።

ሕፃኗ ከሐኪም ቤት ወጥታ ቤት በገባች ማግሥት አምሳል ደወለች። ስልኩን ከጡቷ አጠገብ አድርጋ ሕፃኗ ስትስብ፣ ስትውጥ፣ ስትተነፍስ አሰማቻት። የትነበርሽ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ሰማች፤ ረጅም ሰማች። ከዚያ ዓይናዲስ ተቀበለች።

«ጥጃውስ?»

«ወንድ ነው። ጠግቦ ጠብቷል።»

«ሸጋ። ቅርፊቱስ ወደቀ?»

«ወደቀ።»

«ቆዳውስ?»

«እንደ ድሮው ሆኗል። ልምጣ እንዴ?»

ከዓይናዲስ ጀርባ ውሃ ከማንቆርቆሪያ ሲንቆረቆርና የሻው አንድ ነገር ሲያጉረመርም ይሰማል።

«እስከ ክርስትናዋ ይቆይ» አለች። «አንች አትስጊ። ባልዲው በሩ ላይ ነው። በርጩማሽም ይመቻል።»

ሕፃኗ ክርስትና እስክትነሣ፣ ሰማንያው ቀን እስኪሞላ ድረስ፣ ማራኪ ባለው የየትነበርሽ ቤት በር ላይ ዓይናዲስ ቀረች። የሄደችው የትነበርሽ ናት።